የአያትን ወሬ ከቡና ጋር መቅዳት

«ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ እንዲያ ብጠይቅ አያቴ «እኔ ቀበሌ ነኝ እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ። ቡናው ይፈላ፤ ስልካችሁን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉት፣ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። ከዚያ «ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ተወልደሽ ነበር?» በሉ። ያ ኅዳር 1928 ነው። አያቴ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወደ ጦሳ ተራራ መሸሿን የነገረችኝ ያኔ ነው፤ ዕድሜዋም በዚሁ ታወቀ። ሌላውን ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ ጋር አያይዙት።

ስም እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። አገሩ ወሎ ነውና የመኮንን አባት አሊ ቢሆን «ተሳስተሻል» አትበሉ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ ብቻ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።

በአቦል ደግሞ አትነሡ። የእኛ ቤት የመሬት ጠብ ታሪክ የወጣው በበረካ ነው።