በዋርሶ ስትዘዋወሩ ወደ መሬትም ተመልከቱ

ወደ ዋርሶ የምትጓዙ ከሆነ፣ አሮጌው ከተማ የሚባለውን ሰፈር ከማየታችሁ በፊት ወደ ንጉሣዊው ቤተ መንግሥት ገብታችሁ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ የሣላቸውን የከተማዋን ሥዕሎች እንድትመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከታሪካዊው ማዕከል ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከወደመ በኋላ፣ ቤቶቹን መልሰው የገነቡት ባለሙያዎች ከተጠቀሙባቸው ማስረጃዎች መካከል እነዚህ ሥዕሎች ይገኙበታል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ብዙ ጎብኚ የማይደርስበት ሙራኑፍ የተባለው የመኖሪያ ሰፈር ነው። ናዚዎች አይሁዳውያንን ባጎሩበት ጌቶ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ፍርስራሹን ሁሉ አንሥቶ መጨረስ ስላልተቻለ ከፊሉ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር እየተደባለቀ ብሎኬት ሆኗል፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎችም በቀሪው ክምር ላይ ቆመዋል። ስለዚህ ከመንገዱ ወደ አንድ ተራ አፓርታማ የሚያወጣ ደረጃ ስታዩ፣ ከሥሩ ያለው ከፍታ የተፈጥሮ ኮረብታ ሳይሆን የሰዎች ቤት ፍርስራሽ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነም በጸጥታና በአክብሮት ተመላለሱ።

በእግረኛ መንገዶች ላይ ደግሞ የጌቶው ግንብ ያለፈባቸውን ቦታዎች የሚያመለክቱና 1940–1943 የሚል የተጻፈባቸው የብረት ምልክቶች ተነጥፈዋል። በየግድግዳው የተለጠፉት፣ መስቀል የተቀረጸባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎችም ናዚዎች ሰዎችን የገደሉባቸውን ቦታዎች ያመለክታሉ፤ ፖላንድኛ ባታነብቡም ቀኑንና የሟቾቹን ቁጥር መለየት አያስቸግራችሁም።