ቡርክ ሌክ ላይ ድንኳንና ትንሽ ጀልባ ይዞ ማደር

ቨርጂኒያ ለምንኖር ቡርክ ሌክ ጎረቤት ማለት ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሐይቁ 218 ኤከር ነው፤ ዙሪያውን በእግር ለመዞር 4.7 ማይል ያህል ይፈጃል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታም እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ይዞ ለሚያድር ሰው ጥሩ መለማመጃ ነው፤ አንድ ነገር ቢረሳ ቤት ሩቅ አይደለም።

ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ካምፑ በብርዱ ወራት ዝግ ነው፤ ሰመር ላይ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይሞላል።

ወደ ጀልባው ልምጣ። ሐይቁ ላይ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር አይፈቀድም። ወይ ትቀዝፋላችሁ ወይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ትጠቀማላችሁ። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በባትሪም ቢሆን ሞተር የገጠማችሁበት ጀልባ መመዝገብ አለበት። በመቅዘፊያ ብቻ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ እዚያው የሚከራየውን ጀልባ ሞክሩና ወገባችሁ ምን እንደሚል ስሙት፤ ከዚያ ግዙ።

የራሳችሁን ከያዛችሁ ውታፏን አትርሱ። እኔ ረስቻለሁ። ጀልባዋን ውሃ ላይ አወረድን፣ ዕቃ ጫንን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሃያ ሜትር ያህል እንደቀዘፍን እግሬን በረደኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ለዓሣ ማጥመጃ የያዝናት የትል ቆርቆሮ እየተንሳፈፈች በጫማዬ መሃል ታልፋለች። ለካስ ከጀልባው ኋላ፣ ታች ላይ አውራ ጣት የምታህል የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለች፤ ውታፏ ደግሞ ቤት፣ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ጓደኛዬ ካልሲውን አውልቆ ቀዳዳውን ወተፈና እየሳቅን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ውታፏን ከመኪና ቁልፌ ጋር አስሬያታለሁ።

ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ መኖሩ ሕግ ነው። መቀመጫ ሥር አትክተቱት፣ ልበሱት። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ እንተዋወቃለን። ዋናም ቢሆን እዚያ ሐይቅ ውስጥ ክልክል ነው። ጀልባው ላይ ስንት ሰውና ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የተጻፈበት ሰሌዳ ካለ አንብቡት፤ ባትሪውም ማቀዝቀዣውም ክብደት ናቸው። ዓሣ ሲይዝ ደግሞ ደስ ብሏችሁ ብድግ አትበሉ። ትንሽ ጀልባ የሚገለበጠው እንደዚያ ነው።

ካምፑ ላይ የኛ ሰው ችግር ኩሽናውን ነቅሎ መምጣቱ ነው። ለአንድ ሌሊት እንጀራ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ዘይት፣ መጥበሻና ጀበና ይበቃል። ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ እንጨት ውስጥ የተደበቀ ነፍሳት ወደ ሌላ ጫካ እንዳይዛመት እዚያው አካባቢ ይገዛል። ከመተኛታችሁ በፊት ምግቡን ሁሉ መኪና ውስጥ ቆልፉ። ራኩን የሚባለው እንስሳ እጁ እንደ ሰው ነው፣ ማቀዝቀዣ ይከፍታል። መዥገርም አለ፣ እሱ የምር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ማታ የልጆቹን ብብትና ከጆሮ ጀርባ እያያችሁ ፈትሹ።

ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት ላይ በደቂቃዎች ይወጣል። ጎህ ሲቀድ ውጡ። ያኔ ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ ረፋዱ ላይ ንፋስ ከተነሳ ቀላል ጀልባ እየተገፋ ያስቸግራል፣ ትንሽ መልህቅ ካላችሁ ያኔ ታመሰግኑታላችሁ። ለጀማሪ ብሉጊል የምትባለዋን ዓሣ እመክራለሁ። ትንሽ መንጠቆ፣ ግማሽ ትል፣ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ዳር ዳሩን ከወደቀ ግንድ አጠገብ። ተንሳፋፊው አንዴ ነቅነቅ ሲል አትሳቡ፤ ጥልቅ ሲል ሳቡ። አምባዛ ከፈለጋችሁ ማታ ላይ በዶሮ ጉበት ከዳር ሆናችሁ ሞክሩ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም የምትሉ ብሉጊል ይበቃችኋል።

ብሉጊል ትንሽ ስለሆነች ሥጋዋን እንገንጥል ብትሉ እጃችሁ ላይ ምንም አይቀርም። ቅርፊቷን በማንኪያ ፋቁ፣ ሆዷን አጽዱ፣ ጎንና ጎኗን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳችሁ በሞቀ ዘይት ጥበሱ። ጅራቷ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ሎሚ ካለ ጣል አድርጉበት። አጥንቱ ግን ለሕፃን አይመችም፣ እናንተው ለቅማችሁ አጉርሱ።

ስትመለሱ ጀልባውን ከውሃ አውጡና ውታፏን ንቀሉ። የቀረው ውሃ እዚያው ይፍሰስ። የተጠላለፈ ሣር ካለ አንሱት፣ ቤት አጥባችሁ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ ሐይቅ ላይ አታውርዱት። ውታፏንም ወዲያው ቁልፉ ላይ መልሷት።