ከባክቴሪያ ቬሲክል ክትባት ለመሥራት የተነሣችሁ፣ እነዚህን ተጠንቀቁ

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ የማስተርስ ጥናታችሁን በባክቴሪያ ቬሲክል (ባክቴሪያው ከሽፋኑ ቆርሶ የሚለቀው ጥቃቅን ከረጢት) ላይ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚበሉት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፈነዋል፣ ንጹሕ ነው።» እባካችሁ ይህን አባባል ተዉት! ፊልተሩ የሚያስቀረው ባክቴሪያውን ነው፤ ኢንዶቶክሲኑ (ትኩሳት የሚያስነሣው የባክቴሪያ ሽፋን መርዝ) እንዳለ ያልፋል። የ121 ዲግሪ አውቶክሌቭም (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) አያጠፋውም፤ ብርጭቆ ዕቃ እንኳ በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ደግሞስ ከየት ታጥቦ ይወጣል? የግራም ኔጌቲቭ (ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች) ቬሲክል ሽፋኑ ራሱ ኢንዶቶክሲን የያዘ ነው። ያለው መንገድ ወይ በዲኦክሲኮሌት (ሽፋን የሚያሟሟ የሐሞት ጨው) መቀነስ፣ ወይ ከመነሻው የሊፒድ ኤ (የኢንዶቶክሲኑ መርዛማ ክፍል) ጂኑ የተቀየረ ዝርያ ማሳደግ ነው። ቤክሴሮ የተባለው የማጅራት ገትር ክትባት በአንድ ዶዝ ከኒውዚላንድ ዝርያ የተወሰደ 25 ማይክሮግራም ቬሲክል አለው፤ እሱም በዲኦክሲኮሌት የተዘጋጀ ነው። ዲኦክሲኮሌት ግን የምትፈልጉትን ሊፖፕሮቲንም (ቅባት የተያያዘበት ፕሮቲን) ይዞ ይሄዳል። «አይጦቹ ምንም አልሆኑም» ማለትም አያዋጣም፤ አይጥ የሚችለውን ኢንዶቶክሲን ሰው አይችለውም።

የሴንትሪፉጅን (ናሙና አሽከርክሮ የሚያዘቅጥ ማሽን) አርፒኤም (በደቂቃ የዙር ብዛት) እንደ ጂ (ናሙናው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመሬት ስበት ጋር ሲነጻጸር) መጻፍ። የሮተሩ (ቱቦዎቹን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ራዲየስ 5 ሴ.ሜ ከሆነ 10,000 አርፒኤም 5,590 ጂ ብቻ ነው፤ 10 ሴ.ሜ ከሆነ 11,180 ይደርሳል። ፕሮቶኮሉ ላይ ጂውን ጻፉ።

ባክቴሪያውን ከልክ በላይ ማሳደር። የሞተው ሴል ይፈነዳል፤ ፍርስራሹ ከቬሲክሉ ጋር አብሮ ይዘቅጣልና ከዚያ በኋላ መለየቱ አበሳ ነው። እድገቱ ሊቆም ሲል ሰብስቡ፤ በ4 ዲግሪ፣ በ10,000 ጂ፣ ለ15 ደቂቃ አዙሩና ከላይ የቀረውን ፈሳሽ አጣሩ።

ያጣራችሁት ፈሳሽ በ150,000 ጂ ለሦስት ሰዓት ሲዞር የሚወርደው የቬሲክል ዝቃጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቱቦውን ከማስገባታችሁ በፊት ዝቃጩ የሚያርፍበትን ጎን በማርከር አመልክቱ፤ አለዚያ ከፈሳሹ ጋር ትደፉታላችሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፈሳሹን አትድፉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አዙሩት።

ፕሮፖዛሉ ላይ «ቬሲክሉ የበጋውን ማጅራት ገትር ወረርሽኝ ያቆማል» ብላችሁ አትጻፉ። የቬሲክል ክትባት የተፈለገው ለማጅራት ገትር ባክቴሪያው ቢ ዓይነት ነው፤ የቢ የስኳር ሽፋን ከሰው ነርቭ ሽፋን ጋር ስለሚመሳሰል ለክትባት አይመችም። በእኛ ቀጠና ለረጅም ጊዜ የጎዳን ግን ኤ ነበር፤ እሱን የመከተው በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው መንአፍሪቫክ የተባለ ክትባት ከስኳር ሽፋኑ የተሠራ ነው።

ፕሮቲን ስትለኩ ባክቴሪያ ያልገባበትን የማሳደጊያ ሾርባም በዚያው ሂደት አሳልፉ፤ ሾርባው ብቻውን ፕሮቲን ይሰጣል። ናሙናውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ አስቀምጡ፤ አንዴ የቀለጠ ቱቦ መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።