የግቤ አሳ ወይስ የኩሬ?

ጅማ ውስጥ አሳ የምትገዙ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ "ይሄ የግልገል ግቤ ነው፣ የኩሬ አይደለም" ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ቶሎ አትሸወዱ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ከግድቡም ይምጣ ከኩሬ ፕሮቲኑ ያው ነው፤ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ውስጥ 20 ግራም ገደማ። ልዩነቱ ስቡ ላይ ነው። የግድቡ አሳ አልጌ ሲለቃቅም ይውላል፣ የኩሬው ግን ፉርሽካና በቆሎ ከተቀለበ ስቡ ይጨምራል፣ ኦሜጋ 6 የሚባለው የስብ ዓይነት ይበዛበታል፣ ለልብ ጥሩ የሚባለው የኦሜጋ 3 ድርሻው ደግሞ ይቀንሳል። ቢሆንም ቆሮሶ ድሮም ስብ የሚባል ብዙ የለውም (ሳልመን ቢሆን ሌላ ወሬ ነው)፣ ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ኪሳችሁን አትጉዱ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ትኩስነቱን ነው። ጉንጩን ገለጥ አድርጌ ውስጡን አያለሁ። ደማቅ ቀይ ከሆነ እገዛለሁ፣ ቡናማ ሆኖ ከተዝለገለገ የግቤ ነው ቢሉኝም ትቼው እሄዳለሁ።

ደግሞ ተወዶ የተገዛውን አሳ የሱፍ ዘይት ውስጥ ከዘፈቃችሁት ያ ሁሉ ኦሜጋ 6 ከዘይቱ ይመጣላችኋል። ወጥ አድርጉት። እኛ ቤት ዱለት ሆኖ ነው የሚያልቀው።