ከቁልፍ ሰርቨር ያገኙት ቁልፍ የማን እንደሆነ እንዴት ያረጋግጣሉ?

ለተመሰጠረ ኢሜይል የሚያገለግለው «ይፋዊ ቁልፍ» ጓጉንቸር ተብሎ ቢሰየም ነገሩ ይቀልል ነበር። ባለቤቱ ክፍት ጓጉንቸሩን ለፈለገ ሁሉ ያድላል፤ መክፈቻው ግን እርሱ ዘንድ ብቻ ይቀራል። ጣጣው ማንም ጓጉንቸር ሠርቶ የሌላ ሰው ስም ሊጽፍበት መቻሉ ነው። ሰዎች ይፋዊ ቁልፋቸውን የሚሰቅሉበትና ሌሎች ፈልገው የሚያወርዱበት የቁልፍ ሰርቨርም የጓጉንቸር መደርደሪያ እንጂ የስም መርማሪ አይደለም።

በመጀመሪያ ሰርቨሩ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ኤስኬኤስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠሩት የቀድሞዎቹ ሰርቨሮች የደረሳቸውን ሁሉ ተቀብለው እርስ በርሳቸው ይቀባበሉ ነበር፤ አንዴ የገባ ነገር አይወጣም። መንግሥት አስገድዶ ቁልፍ እንዳያስጠፋ ታስቦ ነበር እንዲህ የተሠሩት። በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ግን አጥቂዎች በሁለት የታወቁ የኦፕንፒጂፒ (እነዚህ ቁልፎች የሚሠሩበት የማመስጠሪያ ደንብ) ባለሙያዎች ቁልፎች ላይ እጅግ ብዙ የውሸት ፊርማ፣ ማለትም «ቁልፉ የእርሱ ነው» የሚል የሌሎች ምስክርነት፣ ጫኑ፤ አንደኛው ቁልፍ ወደ 150,000 የሚጠጋ ፊርማ ተሸከመ። ቁልፉን ያወረደ ሰው ፕሮግራሙ እስኪደነዝዝ ድረስ ተቸገረ፤ ሰርቨሮቹም መሰረዝ አያውቁም።

በዚያው ወር ሥራ የጀመረው ኪይስ ዶት ኦፕንፒጂፒ ዶት ኦርግ (keys.openpgp.org) የተባለው ሰርቨር ሌላ መንገድ መረጠ። ወደ ኢሜይል አድራሻው ማረጋገጫ ይልካል፤ ካልተረጋገጠ ቁልፉ በአድራሻው ተፈልጎ አይገኝም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሆኖም የሚመሰክረው ያን ጊዜ የመልእክት ሳጥኑን የከፈተው ሰው እንደተስማማ ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሌባም ይህን ያደርጋል።

ቁልፉን ካወረዱ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል፤ አሻራውን፣ ማለትም ከቁልፉ ተሰልቶ የሚወጣውን አጭር መለያ፣ ማመሳከር። የተለመደው ቁልፍ አሻራ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ፊደላት የተጻፈ 40 ምልክት ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻዎቹን 8 ብቻ አይቶ ይረካል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ የግራፊክስ ካርድ በ4 ሰከንድ ውስጥ በ8ቱ ምልክቶች የሚመሳሰል ሌላ ቁልፍ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ አርባውንም ያነጻጽሩ።

አሻራውን የሚጠይቁት በዚያው ኢሜይል እንዳይሆን። ድምፁን የሚያውቁት ሰው ከሆነ ይደውሉለት፤ አራት አራት ምልክት እየከፈለ ያንብብልዎት፤ አሥር ቡድን ይሆናል። በስልክ «ቢ» እና «ዲ» ስለሚምታቱ «ቢ እንደ ባሕር ዳር፣ ዲ እንደ ድሬዳዋ» መባባል ይረዳል። በአካል የምትገናኙ ከሆነ ደግሞ አሻራው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ምልክት እንኳ ከተለየ «ምናልባት ተሳስቶ አንብቦ ይሆናል» ብሎ ማለፍ የለም፣ እንደገና ያስነብቡት፤ አሁንም ከተለየ ቁልፉን ይጣሉት።

ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ቁልፉን ሲቀበሉ ፕሮግራሙ አሻራውን አረጋግጠው እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ካላመሳከሩ «አረጋግጫለሁ» የሚለውን አይምረጡ፤ ከወራት በኋላ የትኛውን እንዳረጋገጡ የሚነግርዎት ይህ ምልክት ብቻ ነው።

ያረጋገጡትንም ቁልፍ በየጊዜው ከሰርቨሩ ያድሱ። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ተሰርቆበት ቁልፉን ሽሮ ሊሆን ይችላል፤ የመሻሪያው ማስታወቂያ የሚደርስዎት ሲያድሱ ነው። ሰርቨር በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አሻራውን አስቀድመው ስለሚያውቁ የሰርቨሩ ታማኝነት ያን ያህል አያሳስብም።

የራስዎን ቁልፍ ወደ ሰርቨር ከመስቀልዎ በፊት ደግሞ የመሻሪያ ሰነዱን፣ ማለትም ቁልፉ እንደተሻረ የሚያውጀውን ፋይል፣ ከኮምፒውተርዎ ውጭ፣ ለምሳሌ በፍላሽ ወይም በወረቀት ያስቀምጡ። መክፈቻው ከጠፋብዎት ቁልፉን ለመሻር የሚቀርዎት ያ ሰነድ ነው።