ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት

በምላሴ ጫፍ ነው ያገኘሁት። ጥርሱ ከተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ሻካራ፣ ደረቅ ነገር። የምግብ ፍርፋሪ መስሎኝ ልጎረጉረው ሞከርኩ። አጥንቴ ነበር። ጥርሱ ከተነቀለ ሦስት ወር አልፎታል፣ ቁስሉ ግን አልገጠመም።

ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ለጉሮሮ ካንሰር አዲስ አበባ ሰባት ሳምንት ተቀምጬ 35 ጊዜ ጨረር ወስጃለሁ። ድኜ ድሬ ተመለስኩ። ጥርሴን ሳስነቅል ስለ ጨረሩ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ያለፈ ነገር መስሎኝ!

ጨረር ካንሰሩን ሲገድል መንጋጋን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ብቅ ይላል። ደም ያነሰው አጥንት ቁስል መድፈን ያቅተዋል፤ በተለይ የታችኛው መንጋጋ። ሐኪሞች ኦስቲዮራዲዮኔክሮሲስ ይሉታል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት እንዲህ በሉ፦ «አንገቴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ይህ ነው፣ በዚህ በኩል ነው።» የሕክምና ወረቀታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ጥርሱ ሥሩ ታክሞ ይተርፍ እንደሆነ ጠይቁ። መነቀሉ ግድ ከሆነ ጨረር የሰጣችሁ ሐኪም አስቀድሞ ይወቅ። ጨረር ገና የምትጀምሩ ደግሞ፣ የማይተርፍ ጥርስ ካለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አስነቅሉ።

ያሉትን ጥርሶች መጠበቅ ሌላው ሥራ ነው። ጨረር ምራቅ ያደርቃል፤ ምራቅ ሲደርቅ ጥርስ ድዱ ሥር ይበሰብሳል። በድሬ ሙቀት ውሃ ከእጄ አይለይም። ማታ ሐኪም ያዘዘልኝን ፍሎራይድ የበዛበት የጥርስ ሳሙና ተጠቅሜ እተፋለሁ፤ በውሃ ሳልጉመጠመጥ እተኛለሁ። ከሐረር ሐላዋ ሲመጣልኝ ለልጆች ነው። በርጫም ትቻለሁ። ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ከሱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ጥርስ ይጨርሳል። የከበደኝ ይሄ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼ ጋር ያለ ስኳር ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ።

ከጨረር በኋላ የመንጋጋ ጡንቻም ቀስ በቀስ ይደድራል። እኔ ያወቅኩት ባጊያ መግመጥ ሲያቅተኝ ነው። ሦስት ጣታችሁን ደራርባችሁ በላይና በታች የፊት ጥርሶቻችሁ መሃል አስገቡ። ካልገባ ሐኪም ይየው። እኔ የሞተችው አጥንት ወጥታ መንጋጋዬ ከዳነ በኋላ፣ ሐኪሜ ፈቅዶልኝ፣ ጉሮሮ ሲታይ ምላስ የሚጫኑባቸውን ዝርግ እንጨቶች ደራርቤ ጥርሴ መሃል አስገባለሁ። ሠላሳ ሴኮንድ ይዤ እለቃለሁ፤ አምስት ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሲላላ አንድ እጨምራለሁ። በ14 ጀምሬ 20 ደርሻለሁ። እያመማችሁ ግን አታስገድዱት።

ጨረር አንገት ላይ ያለውን እጢ፣ ታይሮይድን፣ ሊያዳክም ስለሚችል አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የታይሮይድ የደም ምርመራም በየ6 ወይም በየ12 ወሩ ያድርግ። በድሬ ፀሐይ ብርድ ብርድ ካላችሁና ከደከማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም አዲስ እብጠት ካያችሁም እንደዚያው፤ ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ።