ከልጆች ጋር ረጅም መንገድ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከልጆች ጋር በመኪና ረጅም መንገድ ሊኬድ ሲል የሁላችንም ጭንቀት «ምን ልያዝላቸው?» የሚል ነው። እኔም ስንት ጊዜ ቦርሳ ሙሉ መጫወቻ ይዤ ወጥቻለሁ። ችግሩ ግን የመጫወቻ ማነስ አይደለም። የያዝነውን መቼ እና እንዴት እንደምናወጣው ስለማናስብበት ነው።

ሁሉንም በአንዴ ማውጣት። ከቤት ብዙም ሳይርቁ ቦርሳው ይከፈትና ከለሩ፣ ስቲከሩ፣ አሻንጉሊቱ፣ መጽሐፉ ልጁ ጭን ላይ ይዘረገፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይሰለቻል፣ እኩሌታው ወንበር ስር ይገባል፣ ገና አምስት ሰዓት መንገድ ይቀራል። አንድ በአንድ ስጡ። የመጀመሪያውንም ቢሆን አትቸኩሉበት፤ መንገድ ሲጀመር ልጅ በመስኮት ማየቱ ብቻ ይበቃዋል። የሰጣችሁት መጫወቻ ሲሰለቸው ተቀበሉትና ደብቁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስታወጡት እንደ አዲስ ነው የሚያየው።

ስልክ ወይም ታብሌት ሰጥቶ መገላገል። ስክሪን ፈጽሞ አይነካ አልልም፤ ግን መኪና የሚያማቸው ልጆች ላይ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ዓይን ያፈጠጠው የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል ደግሞ እየተንቀሳቀስን መሆኑን ለአንጎል ይነግረዋል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ማቅለሽለሽ ይመጣል። በተለይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አቅለሸለሸኝ» ብሎ አይናገርም። ልጄ አንድ ጊዜ ፊልም እያየች ጭጭ ስትል ፊልሙ ይዟት ነው ብዬ ዝም አልኳት። ሁለቴ ሦስቴ አዛጋት፣ ፊቷ ነጣ፣ ወዲያው አስመለሳት። ዝምታ፣ ማዛጋት፣ የፊት መገርጣት ካያችሁ ስልኩን ተቀበሉ፣ መስኮት ከፈት አድርጉ፣ ሩቅ ያለ ነገር እንዲያዩ ንገሯቸው። ከስክሪን ይልቅ የሚደመጥ ነገር ይሻላል። እኔ አሁን አያታቸው ተረት ስታወራ በስልክ ቀድቼ እይዛለሁ። መሃል ላይ ስታስል እንኳ ይሰማል፤ እነሱ ደግሞ እሷን ነው የሚወዱት።

«ደረስን?» ሲሉ «አሁን እንደርሳለን» ማለት። ይሄ ከሁሉም የባሰ ስህተት ይመስለኛል። ለትንሽ ልጅ ሦስት ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። «አሁን» ካላችሁት አሁን ይጠብቃል፣ ሳትደርሱ ሲቀር ያለቅሳል፣ ሦስተኛ ጊዜ ላይ አያምናችሁም። የሚያየው መለኪያ ስጡት። እኛ ወረቀት ላይ ረጅም መስመር እንስልና መጀመሪያው ላይ ቤት፣ ከዚያ ድልድዩን፣ ምሳ የምንበላበትን፣ ትልቁን ተራራ፣ ጫፉ ላይ የምንሄድበትን ቤት እናደርጋለን። አንዱን ባለፍን ቁጥር ልጁ ራሱ በእርሳስ ይሰርዛል። «ደረስን?» ማለቱ ቀርቶ «ድልድዩ መጣ?» ይላል፤ ዓይኑም ከመንገዱ አይነቀልም።

ሹፌሩን አጫዋች ማድረግ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል። የወደቀ ከለር ለማንሳት ለሁለት ሰከንድ ዘወር ማለት 50 ሜትር ሳያዩ መንዳት ነው። ሌላ አዋቂ ካለ እሱ ያጫውት። ብቻችሁን ከሆናችሁ የወደቀ ነገር መኪናው እስኪቆም እንደማይነሳ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ቶሎ ለመድረስ ብሎ አለመቆም። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ስትቆሙም አታስቀምጧቸው፤ ከመኪና መንገድ ራቅ ያለ ቦታ ፈልጉና ይሩጡ፣ ይዝለሉ።

እግረ መንገዴን፣ ከባድና ሹል መጫወቻ አትያዙ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይወረወራል። «ትንሽ ይፍታታ» ብላችሁ ቀበቶም አትፍቱ፤ በጣም ካስቸገረ መኪናውን ማቆም ነው።

የመጨረሻው፣ ልጆቹን ከኋላ ትቶ አዋቂዎች ከፊት ሆነው እርስ በርስ ማውራት። ብዙ ጊዜ የሚረብሹት እኛን ፈልገው ነው። አንድ ፊደል ይዞ መጫወት ምንም ዕቃ አይጠይቅም። በ«መ» የሚጀምር የምታዩትን ነገር ስም ጥሩ በሏቸው፦ መስኮት፣ መሪ፣ መንገድ፣ መብራት። ፊደሉን እነሱ ይምረጡ፣ እናንተም በተራችሁ ከልባችሁ ፈልጉ፤ ልጅ የይስሙላ ሲሆንበት ወዲያው ያውቃል።